የጀልባ ነጂዋ ልጅ ልብ

ኔሬይዳ ካንቲዮ ጀልባ መንዳት የጀመረችው አባቷ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ውኃውን ከዳርቻው መለየት ሲያቅታቸው ነው። ያኔ ገና ኮረዳ ነበረች። ወንድም የላትም፤ ጀልባዋ ቆማ ከምትበሰብስ ብላ መሪውን ያዘች። መንደራቸው ቦካ ሆንዳ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ከመንደሩ እስከ ማጋንጌ ወደብ ሰው የሚያመላልሱት ሁሉ ወንዶች ነበሩና፣ በመጀመሪያው ሰሞን እሷ ጋ የሚሳፈረው ሌላ ቦታ ያጣ ሰው ብቻ ነበር። አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር እንዲያውም ሴት ከምትነዳኝ ብለው ሌላ ጀልባ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። የተሳፈሩበት ጀልባ መንገድ ላይ አሸዋ ይዞት ቀረ። ኔሬይዳ ከማጋንጌ ስትመለስ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ቦርሳቸውን ራሳቸው ላይ ተሸክመው ውኃ ውስጥ እንደቆሙ አገኘቻቸው። አልሳቀችም። ጀልባዋን አስጠጋችና እጇን ዘርግታ አወጣቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ዳይሬክተሩ ከእሷ ጀልባ ውጪ ተሳፍረው አያውቁም።

ኔሬይዳ እንዲህ ያለች ሴት ነች። "አይሆንም" ከሚል ሰው ጋር ክርክር አትገጥምም፤ አድርጋ ታሳየዋለች። ወንዙ በበጋ ሲጎድል አሸዋው ከሳምንት ሳምንት ቦታውን ይቀያይራል። እሷ ግን የውኃውን ቀለም አይታ የት እንደሚጠልቅና የት እንደሚሳሳ ታውቃለች። ስትነዳ ብዙ አታወራም። መንገደኛ ሲረብሽ ዞር ብላ አንዴ ታየዋለች፤ ያ ይበቃል።

ያገባችው የጀልባ ሞተር የሚጠግነውን ዋልቤርቶ ካራባዮን ነው። ዋልቤርቶ ዝምተኛ ነው፤ እጁ ከዘይት ጸድቶ አያውቅም። ሞተሯን ሊያይላት መጥቶ ምንም ያልሆነውን ሞተር ፈትቶ ገጠመው። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና እንደገና ፈታው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ኔሬይዳ ክንዷን አጣምራ፣ "ሞተሩስ ደህና ነው፤ አንተን ምን ነካህ?" አለችው። ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ተጋቡና ከእናቱ ቤት ገቡ።

እናቱ ኒኛ ኡባልዲና ናቸው። በወንዙ ዳርቻ ሴት በዕድሜ ስትገፋ ነው "ኒኛ" ተብላ የምትከበረው። ባላቸው በጎልማሳነቱ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ታንኳው ውስጥ ሞቶ ተገኝቶ፣ ፀሐይ መታው ተብሎ ተቀብሯል። ከዚያ ወዲህ የበቆሎ ሊጥ በቅጠል እየጠቀለሉ፣ እየቀቀሉ ጠዋት ጠዋት ወደቡ ላይ በመሸጥ ዋልቤርቶን ብቻቸውን አሳድገዋል። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምላሳቸው የማይቻል ሴት ናቸው። ከምራታቸው ጋር በመጀመሪያው ሰሞን እንደ ሁለት አውራ ዶሮ ይተያዩ ነበር። ኋላ ግን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ፣ "የእኔ ምራት ጡጫዋ ከልጄ ይበረታል" እያሉ ይኩራሩባት ጀመር።

ልጅ ሳይመጣ ብዙ ዓመት አለፈ። ሰዉ ማማቱን እንኳ ትቶት ነበር። ኔሬይዳም ነገሩን ከልቧ አውጥታ ነበር። ያን ጊዜ ነው ዙሌይማ የተወለደችው፤ ፀጉሯ ጥቁር፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ የጣቶቿ ርዝመት የአባቷ። ዋልቤርቶ ለሳምንት ያህል ሞተር ሲፈታ ያፏጭ ነበር።

ልጅቷ ግን መጥባት ይከብዳት ነበር። ጥቂት ትጠባና ትተዋለች፤ ታለከልካለች፤ እንደገና ትይዛለች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ይላል፤ የእናቷን ክንድ እስኪያረጥብ ይፈስሳል። ኔሬይዳ ሙቀቱ ነው አለች፤ በቦካ ሆንዳ ማን የማያልበው አለ? ምላሳቸው የማያርፈው ኒኛ ኡባልዲና ግን ልጅቷ ጡት ስትይዝ ተነሥተው ወደ ጓሮ ይወጡ ነበር። ኔሬይዳ ያኔ ልብ አላለችውም።

በክትባት ቀን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ኤልቢያ ማዳመጫውን የልጅቷ ደረት ላይ አደረገችና ቆየች። ቦታ ቀይራ ደግማ አዳመጠች። ከኔሬይዳ ጋር አብረው ነው ያደጉት፤ ስትቀልድ እንጂ ስትኮሳተር አታውቃትም።

"ኔሬ፣ ልቧ ድምፅ አለው፤ የማልወደው ዓይነት ድምፅ። ካርታኼና የልጆች ልብ ሐኪም ጋ ውሰጃት።"

"መቼ?"

"ዛሬ ከቻልሽ ዛሬ።"

ወደቡ ላይ መንገደኞች እየጠበቋት ነበር። መንገዷ ነውና ጫነቻቸው። ዋልቤርቶ ልጅቷን አቅፎ ከጎኗ ተቀመጠ፤ እሷ መሪውን ያዘች። ማጋንጌ ሲደርሱ ጀልባዋን ለአንድ ጓደኛዋ አስረከበችና አውቶቡስ ውስጥ ገቡ።

በካርታኼና ከተማ የተቀበለቻቸው ሐኪም ዶክተር ሎንዶኞ ትባላለች። ከደጋው አገር የመጣች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ የባሕር ዳርቻ ሰው "ሲናገሩ የሚያንሾካሹኩ" እያለ የሚቀልድባቸው ዓይነት ሴት ነች። በጨለመ ክፍል ውስጥ የልጅቷን ደረት በልብ አልትራሳውንድ ስታይ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኔሬይዳ ዓይኗን ከሐኪሟ ፊት አላነሣችም። ወንዝ የሚያነብ ሰው ፊት ማንበብ አያቅተውም፤ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገና ሐኪሟ አፏን ሳትከፍት ገባት።

ዶክተር ሎንዶኞ መብራቱን አበራችና ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ልቧ ደካማ ነው?" አለች ኔሬይዳ።

"ተቃራኒው ነው። የልቧ ጡንቻ ከሚገባው በላይ ወፍሯል።" ሐኪሟ ልቡን ለማሳየት እጇን በቡጢ ጨበጠች። "ሲወፍር ውስጡ ያለው ቦታ ይጠባል፤ የሚይዘው ደም ያንሳል። ያንን ለማካካስ ይሮጣል። ሲሮጥ ደግሞ ለመሙላት ጊዜ አያገኝም። በዚያ ላይ በኃይል ሲጨመቅ ደሙ የሚወጣበትን በር ራሱ ይዘጋዋል። ለዚህ ነው ስትጠባ የሚያልባት፤ ለእሷ መጥባት ለእኛ ደረጃ እንደ መውጣት ነው።"

ዋልቤርቶ መሬት መሬቱን ያያል። ኔሬይዳ፣ "ትሞታለች?" አለች።

ሐኪሟ አልሸሸችም። ይህ ሕመም ካለባቸው ሕፃናት አንዳንዶቹ የመጀመሪያ ዓመታቸውን እንደማይሻገሩ ነገረቻት። ነገር ግን ፕሮፕራኖሎል የሚባል የቆየ መድኃኒት እንዳለ፣ ልቡን እንደሚያዘገየውና ጭምቀቱን እንደሚያለዝበው፣ ልብ ቀስ ሲል እንደሚሞላና በሩም እንደሚከፈት አስረዳቻት። መድኃኒቱ በሽታውን ነቅሎ አያወጣውም፤ ለልጅቷ ግን የማደጊያ ጊዜ ይሰጣታል። በትንሹ ተጀምሮ በየጊዜው ይጨመራል፤ ልጅቷ ክብደት በጨመረች ቁጥርም አብሮ ያድጋል።

"እንግዲያው እንጀምር" አለች ኔሬይዳ።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። "ሌላ ጥያቄ የለሽም?"

"አለኝ። እየሠራን እጠይቅሻለሁ።"

ሆስፒታል ተኙ። መጀመሪያ የሰጧት መጠን ከጠብታ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። ነርሶቹ የልቧን ምት ይቆጥራሉ፤ ተረከዟን ወጋ አድርገው ስኳሯን ይለካሉ። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ከተሰጠ የሕፃን ስኳር ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከጠባች በኋላ ነው የሚሰጣት። ካስመለሳት ወይም አልጠባም ካለች አይሰጣትም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ትሄዳለች። በደህና ቀን ደግሞ ከራስ ተነሥቶ መተው ክልክል ነው፤ የታሰረ ልብ ድንገት ሲለቀቅ ከበፊቱ ብሶ ይሮጣልና። ኔሬይዳ ይህንን አንድ በአንድ ጠየቀች፣ ደግማ ጠየቀች፤ ዋልቤርቶንም እንደ ተማሪ አስቀምጣ ጠየቀችው። ሲሳሳት ከመጀመሪያው ታስጀምረዋለች።

ሐኪሟ በሁለቱም ወገን የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም በድንገት የሞተ ዘመድ እንዳለ ጠይቃቸው ነበር። ኔሬይዳ በእሷ በኩል የለም አለች። ዋልቤርቶ እናቱ ጋ ደወለ። ኒኛ ኡባልዲና፣ አባትህን ፀሐይ ነው የመታው፣ በእኛ ቤት የልብ ሕመም የሚባል ነገር የለም ብለው ስልኩን ዘጉ።

አንድ ጠዋት ዙሌይማ ጡት ይዛ ሳትተው እስከ መጨረሻው ጠባች። ኔሬይዳ ግንባሯን በመዳፏ ነካችው፤ ደረቅ ነበር። ልጅቷ ጠግባ ራሷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ አፏ እንደተከፈተ ተኛች። ኔሬይዳ ልጇ ከተወለደች ወዲህ በመጥገብ ስትተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የምትተኛው በድካም ነበር። የዋልቤርቶን እጅ ይዛ የልጅቷን ግንባር አስነካችው።

ወደ ቦካ ሆንዳ ሲመለሱ ግን ሌላ ወሬ ጠበቃቸው። የሕፃን ልብ የሚያዘገይ መድኃኒት ይሰጣሉ የሚለው ነገር ለሰዉ አልገባውም። ልቧ ታመመ ከተባለ ማበርታት እንጂ ማዘግየት ምን ማለት ነው? አንዷ ጎረቤት የእርግብ ሾርባ ይዛ መጣች፤ ሌላዋ የበሬ ጉበት ጭማቂ ይሻላል አለች። ኔሬይዳ ሾርባውን አመስግና ተቀበለችና ራሷ ጠጣችው። ለሚጠይቃት ሁሉ የሐኪሟን አባባል በአጭሩ ትናገራለች፤ ለሚከራከራት ግን አትመልስም።

የኒኛ ኡባልዲና ስጋት ግን ከወሬ ያለፈ ነበር። የልጅቷ እጅና እግር ከመድኃኒቱ በኋላ ቀዝቀዝ ይላል፤ እንቅልፍም ታበዛለች። ሐኪሟ ይህንን አስቀድማ ነግራቸው ነበር። ሴትዮዋ ግን ልጅቷ በተኛች ቁጥር ከአልጋዋ አጠገብ ይቆማሉ። እጃቸውን አፍንጫዋ ሥር አድርገው ትንፋሿን ይጠብቃሉ፤ ሲብስባቸውም ይቀሰቅሷታል።

"ይቺ ልጅ እንቅልፏ አላማረኝም" አሉ አንድ ቀን።

"ኒኛ ኡባ፣ ሕፃን ይተኛል እኮ።"

"እንዲህ አይተኛም" አሉና ወጡ።

ልጅቷ ወዟ ሲመለስና ጉንጯ ሲሞላ ኔሬይዳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የጠዋቱንና የማታውን መድኃኒት ራሷ ትሰጣለች፤ የቀትሩን አማቷ እንዲሰጡ አሳየቻቸው። መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ ይዘው ሽሮፑን እንዴት እንደሚስቡ፣ በጉንጯ በኩል እንዴት ቀስ ብለው እንደሚጨምሩ። ኒኛ ኡባልዲና አንዴ አይተው ለመዱት።

ጥቂት ሳምንታት ደህና አለፉ። ከዚያ ላቡ ተመለሰ። መጀመሪያ በጣም በሚሞቅ ቀን፣ ኋላ በማንኛውም ቀን። ኔሬይዳ ልጅቷን ስትታቀፍ ከጎድን አጥንቷ ሥር ልቧ ሲደልቅ በመዳፏ ይሰማት ጀመር። ክብደት ስለጨመረች መድኃኒቱ አንሷት ይሆናል ብላ አሰበች። ኤልቢያ ጋ ወሰደቻት። ኤልቢያ አዳመጠች፤ ዶክተር ሎንዶኞ ጋ ደወለችና አሁኑኑ አምጧት መባሏን ነገረቻት። ዋልቤርቶ ሞተር ሊጠግን ሌላ መንደር ሄዶ ነበር። ኔሬይዳ አማቷን፣ "ልጅቷን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ይነሡ" አለቻቸው። ኒኛ ኡባልዲና ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ጀልባ ውስጥ ገቡ።

የበጋ ማብቂያ ነበር። ወንዙ ጎድሎ መተላለፊያው ጠቧል። ሌላ መንገደኛ አልጫነችም። ልጅቷ በአያቷ ጭን ላይ ሆና ታለከልካለች። ግማሽ መንገድ እንደሄዱ ኒኛ ኡባልዲና ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮክ ብለው፣

"ልጄ፣ እኔ ነኝ" አሉ።

ኔሬይዳ አልገባትም።

"የቀትሩን አልሰጣትም ነበር። አንዳንድ ቀን ግማሹን፣ ብዙውን ቀን ምንም። ጓሮ እደፋዋለሁ። ስትተኛ ሳያት አልቻልኩም።"

የኔሬይዳ ደም ፈላ። ዘወር ብላ የምትለው ብዙ ነበራት፤ አፏ ድረስም መጥቶ ነበር። ነገር ግን ከፊቷ ውኃው ቀለሙን ቀይሯል፤ ከግራ በኩል አሸዋው ወደ መሐል ገብቷል፤ መሪውን ለአንድ አፍታ ብትለቅ ጀልባዋ ትቀረቀራለች፤ ልጅቷም እዚያው ትቀራለች። ዓይኗን ከወንዙ ሳታነሣ፣

"አሁን አልናገርም" አለች። "ልጅቷን ቀና አድርገው ይያዙልኝ። ራሷ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ።"

ሴትዮዋ ቀና አድርገው ያዙ። እስከ ማጋንጌ፣ ከዚያም በመኪና እስከ ካርታኼና ድረስ እጃቸውን ከልጅቷ ራስ ሥር አልነጠሉም።

ሆስፒታሉ እንደገና ተቀበላቸው። ዶክተር ሎንዶኞ ልጅቷን አየች፤ መድኃኒቱንም በጥንቃቄ ወደ ቦታው መመለስ ጀመሩ። ነገሩ ሲረጋጋ ሐኪሟ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀች። ኔሬይዳ መልሱን ለአማቷ ተወችላቸው። አማቷን አላጋለጠችም፤ አልሸፈነችላቸውምም። ኒኛ ኡባልዲና ራሳቸው ተናገሩ። ያደረጉትን ከነገሯት በኋላ አልቆሙም፤ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተክለው ማንም ያልጠየቃቸውን ቀጠሉ።

ከዋልቤርቶ በፊት ሌላ ልጅ ነበራቸው፤ አልሲዴስ ይባል ነበር። ሲጠባ ያልበው ነበር፤ ልክ እንደዚህች፣ ግንባሩ ላይ። ሕክምና በማይታሰብበት ጊዜ ነው፤ ሰዉም ሙቀት ነው አላቸው። አንድ ጠዋት አጥብተውት አብረው ሐማክ በሚባለው የተንጠለጠለ መኝታ ላይ ጋደም አሉ። ሲነቁ ልጁ አልነቃም። አማታቸው መጥታ አየችና በሰው ፊት፣ ተጭነሽ ገደልሽው አለቻቸው። ያኔ ለጋ ሴት ነበሩ፤ አመኑ። ዋልቤርቶ ሲወለድ አንድም ቀን አጠገቡ አልተኙም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው ያሳደጉት። ዋልቤርቶ ራሱ ወንድም እንደነበረው አያውቅም።

"እንዲህ ተኝቶ ነው የሄደብኝ" አሉ። "እሷም ስትተኛብኝ ያው መድኃኒቱ ሊወስዳት ነው መሰለኝ። ዶክተር፣ አንዴ ገድያለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም።"

ዶክተር ሎንዶኞ ብዙ አልተቻኮለችም። ወንበሯን አስጠግታ የሴትዮዋን እጅ ያዘች።

"ኒኛ ኡባልዲና፣ የዚያን ልጅ ልብ እኔ አላየሁትም፤ ስለዚህ አልምልም። ግን ሲጠባ የሚያልበው ሕፃን፣ ዋልቤርቶ እንደነገረኝ በጎልማሳነቱ ታንኳ ውስጥ በድንገት የሞተ አባቱ፣ አሁን ደግሞ ይህች ልጅ። ይህ ሕመም በዘር ይሄዳል። የእርስዎ ክብደት አይደለም የገደለው። እንዲህ የመሰለ ልብ ነው ብዬ አምናለሁ።"

ሴትዮዋ አላለቀሱም። እጃቸውን ከሐኪሟ እጅ አውጥተው ሽርጣቸውን አስተካከሉ፤ እንደገና አስተካከሉ። ከዚያ፣ "አርባ ዓመት ሙሉ" ብቻ አሉ።

ኔሬይዳ ልጇን ታቅፋ ቆማ ነበር። ንዴቷ አልወጣላትም። ግን እኚህ ሴት በየቀኑ ያቺን ልጅ ታቅፈው ምን ሲጠብቁ እንደኖሩ ገባት። ነርሷ የቀትሩን መድኃኒት በሲሪንጅ ስባ ስታመጣ ኔሬይዳ ተቀበለቻትና ለአማቷ ዘረጋችላቸው።

"ያጠጧት" አለች።

ኒኛ ኡባልዲና ሲሪንጁን ሳይሆን ምራታቸውን አዩ። "ልጄ፣ እኔን ታምኚኛለሽ?"

"ጠብታለች፣ ጠግባለች። ያጠጧት፤ ከዚያ አብረን ቁጭ ብለን ስትተኛ እናያታለን። ስትነቃም እናያለን።"

አጠጧት። ልጅቷ ጉንጯን ነፋ አድርጋ ዋጠችው። ተኛች። ሁለቱ ሴቶች ከአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ጠበቁ። ዙሌይማ ስትነቃ አካባቢዋን ቃኘችና በረሀብ ጮኸች። ኒኛ ኡባልዲና እንባቸው የመጣው ያኔ ነው፤ ሲያለቅሱም ይስቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የዋልቤርቶ ተራ ነበር። ሐኪሟ የእሱንም ልብ ለማየት ፈለገች፤ የአዋቂ ሐኪም ጋ ላከችው። እኔ ምንም አይሰማኝም እያለ ሁለቴ ቀረ። በሦስተኛው ኔሬይዳ የመሣሪያ ሳጥኑን ጀልባዋ ውስጥ ቆልፋ፣ "ልብህን አሳይተህ ስትመለስ ቁልፉን ትወስዳለህ" አለችው። ሄደ። እንደ ልጁ አይሁን እንጂ የእሱም ጡንቻ ወፍሯል። ክኒን ታዘዘለት፤ ልጁ የምትወስደው ዓይነት። ከባድ ሞተር ብቻውን ማንሣትም ተከለከለ። ለጥቂት ቀን አኮረፈ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ዙሌይማ ሽሮፗን ስትወስድ አጠገቧ ተቀምጦ ክኒኑን መዋጥ ጀመረ። ቆይቶም፣ "ሁለታችን ዘመዳሞች ነን" እያለ ያስቃት ነበር።

ኒኛ ኡባልዲናም ታዩ። የእሳቸው ልብ ንጹህ ሆኖ ተገኘ። ሴትዮዋ ይህንን የሰሙ ዕለት ጎረቤት ሁሉ እንዲያውቀው አደረጉ፤ የመጣው ከካራባዮዎች ነው፣ እኔ ቀድሞም ሰውየውን ሳገባ እናቴ አልወደደችውም ነበር አሉ። ቀልዳቸውን ሲጨርሱ ግን ሽርጣቸውን ፈትተው ወጡ። በወንዙ ግራና ቀኝ ያለውን የባላቸውን ዘመድ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ ካርታኼና ሄዳችሁ ልባችሁን ታዩ እያሉ ያዙ። የሳቀባቸው ነበር። ወንዱ ሁሉ በሬ ነኝ ይላል። ኒኛ ኡባልዲና በሩ ላይ ይቀመጣሉ። እሺ እስኪል አይነሡም። ምሳ ቢቀርብላቸው ይበላሉ፤ ግን አይነሡም።

አንድ ማለዳ የኔሬይዳ ጀልባ ከዳር እስከ ዳር በካራባዮ ዘር ሞልታ ወጣች። አሮጊት አለች፣ ወፍራም አጎት አለ፣ ሕፃን ያዘለች አለች። ሁሉም አንድ ዓይነት ረጅም ጣት ያላቸው፣ ሁሉም እኩል የሚፈሩ፣ ፈሪነታቸውን በሳቅ የሚሸፍኑ ናቸው። ከመሐላቸው ያኔት የምትባል የዋልቤርቶ የአጎት ልጅ ነበረች። ያኔት ጭፈራ ላይ እየወደቀች ራሷን ትስታለች፤ መንደሩ ደግሞ ወንዶች እንዲያነሷት ነው እያለ ሲያማት ኖሯል። ኒኛ ኡባልዲናም ከሐሜተኞቹ አንዷ ነበሩ። የያኔት ልብ ሲታይ ከሁሉም ይበልጥ ወፍሮ ተገኘ። መድኃኒት ተጀመረላት፤ ሌላም ክትትል ተደረገላት። ስትመለስ ጀልባዋ ላይ ኒኛ ኡባልዲና ከአጠገቧ ሄደው ተቀመጡ።

"ያኔት፣ በአንቺ ላይ ብዙ ተናግሬያለሁ" አሉ።

"አውቃለሁ፣ ኒኛ ኡባ። ሰምቼዋለሁ። አንዳንዱ እንዲያውም ጥሩ ቀልድ ነበር።"

"ጥሩ አልነበረም" አሉ ሴትዮዋ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ያኔት ክፉ የሚናገር ሰው ከእሳቸው ጋር ነው የሚጣላው።

ዙሌይማ አሁን አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። መድኃኒቷን እስከ ዛሬ ትወስዳለች፤ ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ ትወስድ ይሆናል፤ ክብደቷ በጨመረ ቁጥር መጠኑም ጨምሯል። ዶክተር ሎንዶኞ በየቀጠሮው ታያታለች። የልቧ ግድግዳ መወፈሩን አቁሟል፤ እንዲያውም ከሰውነቷ ጋር ሲተያይ ቀንሷል። ደሙ የሚወጣበት በርም ክፍት ነው። ሐኪሟ ድናለች አትልም። ኔሬይዳም ያንን ቃል አትጠይቃትም፤ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ደህና ነች የሚለው ይበቃታል።

ዘንድሮ ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት ገባች። መምህርቷ ስለ ልቧ ስትሰማ ደነገጠች፤ ዛፉ ሥር ወንበር አድርጋ፣ ሌሎቹ ሲጫወቱ እሷ እዚህ ትቀመጥ አለች። ኔሬይዳ ጀልባዋን አስራ ሄደች። መምህርቷን አልተቆጣቻትም፤ ሐኪሟ ያለቻትን በአጭሩ ነገረቻት። ልጅቷ ትጫወት፣ ትሩጥ፤ ሲደክማት ራሷ ትቀመጣለች፤ ውድድር ብቻ አይኑር፤ ማንም ተነሺ ብሎ አያስገድዳት።

"ብትወድቅብኝስ?" አለች መምህርቷ።

"ብትወድቅ ስልኬ ይኸው፤ የጤና ጣቢያው ማዶ ነው፤ ምን እንደሚደረግ አሁን አብረን እናየዋለን። ግን አትቀመጥ።"

አብረው አዩት። መምህርቷ ብልህ ሴት ነች፤ አንዴ ሲገባት ሌሎቹንም መምህራን ሰብስባ አሳየቻቸው። በማግስቱ ኔሬይዳ መንገደኛ ጭና በወንዙ ዳር ባለው ትምህርት ቤት ፊት ስታልፍ ሞተሩን ቀነስ አደረገች። ዙሌይማ ከልጆቹ ጋር ኳስ እያባረረች ነበር። ጥቂት ሮጠችና ቆመች፤ ጉልበቷን ይዛ ተነፈሰች፤ ዛፉ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። እንደገና ተነሣች። ከመንገደኞቹ አንዱ ምነው ዘገየን ብሎ ጠየቀ። ኔሬይዳ ሞተሩን ከፍ አድርጋ ወደ ማጋንጌ ቀጠለች።